እግር ኳስ ያልጠየቀውን ጎልፍ መለሰው

የኒውካስል ዩናይትድ ባለቤት ማን ነው?

ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልስ ተሰጥቷል። የመጀመሪያውን የሰጠው የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ነው። ኦክቶበር 7 ቀን 2021 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሳውዲ አረቢያ የሕዝብ ኢንቨስትመንት ፈንድ የክለቡን 80 በመቶ ድርሻ ያዘ፤ የሽያጩ ዋጋ 305 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነበር። ሊጉ ሽያጩን ያጸደቀው የሳውዲ መንግሥት ክለቡን እንደማይቆጣጠር በሕግ የሚያስገድድ ማረጋገጫ አግኝቻለሁ ብሎ ነው። ፈንዱ ሌላ፣ መንግሥት ሌላ ማለት ነው። የፈንዱ ሰብሳቢ ልዑል አልጋ ወራሽ መሐመድ ቢን ሳልማን ናቸው። የፈንዱ ገዥ ያሲር አል ሩማያን የክለቡ ሊቀመንበር ሆኑ። ሊጉ ይህን ሁሉ እያወቀ ፋይሉን ዘጋ።

ሁለተኛው መልስ የመጣው ከጎልፍ ነው። ይኸው ፈንድ በ2022 ሊቭ ጎልፍ የተባለ አዲስ ውድድር በገንዘቡ አቆመ፤ ሊቭም ከነባሩ የአሜሪካ ፒጂኤ ቱር ጋር ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳን ሆሴ በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ተካሰሰ። ፒጂኤ ቱር ፈንዱ ሰነዶቹን እንዲያቀርብ፣ አል ሩማያንም በቃለ መሐላ እንዲጠየቁ አመለከተ። ፍርድ ቤቱም ፈቀደ። በፌብሩዋሪ 2023 የፈንዱ ጠበቆች መቃወሚያ አስገቡ። ፈንዱ የሳውዲ አረቢያ መንግሥት ሉዓላዊ አካል ነው፤ አል ሩማያንም በሥልጣን ላይ ያሉ የመንግሥት ሚኒስትር ናቸው፤ ስለዚህ የውጭ አገር ፍርድ ቤት ሊያስገድዳቸው አይችልም የሚል ነበር ክርክራቸው።

ታዲያ የትኛው ነው እውነቱ? አንድ ተቋም እንግሊዝ ውስጥ ክለብ ሲገዛ ከመንግሥት የተለየ፣ አሜሪካ ውስጥ ሲከሰስ ግን መንግሥት ራሱ ሊሆን ይችላል? ለሊጉ የተሰጠው ማረጋገጫ ትክክል ከነበረ ለፍርድ ቤቱ የተጻፈው ምንድን ነው? ለፍርድ ቤቱ የተጻፈው ትክክል ከሆነስ ሊጉ በምን ላይ ተመሥርቶ ነው የፈቀደው? አባቶቻችን በአንድ ራስ ሁለት ምላስ የሚሉት ይህንኑ ነው፤ እዚህ ግን ሁለቱም ምላሶች በጠበቃ የተጻፉ፣ ሁለቱም ለሕግ ሥራ የዋሉ ናቸው።

በማርች 2023 የፕሪሚየር ሊጉ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሪቻርድ ማስተርስ በእንግሊዝ ፓርላማ ኮሚቴ ፊት ቀርበው ስለዚሁ ተጠየቁ። ሊጉ ነገሩን እየመረመረ መሆን አለመሆኑን እንኳ መናገር እንደማይችሉ መለሱ። ለምን አይችሉም? ማረጋገጫው ምን ይላል? የፈረመው ማን ነው? ቢፈርስ ቅጣቱ ምንድን ነው? ሃምሳ ሁለት ሺህ ሰው በየጨዋታው የክለቡን ስታዲየም ሴንት ጀምስ ፓርክን የሚሞላው ገንዘቡን ከፍሎ ነው። የሚደግፈው ክለብ በማን እጅ እንዳለ የሚናገረውን ወረቀት ማየት ለምን ይከለከላል?

ስለ ጎልፍ የምጽፈው ለዚህ ነው። አንባቢዎቼ አብዛኛዎቹ የእግር ኳስ ሰዎች መሆናቸውን አውቃለሁ፤ እኔም እንደዚያው ነኝ። የጎልፍን ዜና በትኩረት መከታተል የጀመርኩት ግን እግር ኳሳችን በመግለጫ የሸፈነውን ነገር የጎልፍ ክስ በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ስላሰፈረው ነው። ሁለቱ ስፖርቶች በአንድ ገንዘብ ተነክተዋል። በአንደኛው ክርክር ተነሣ፣ ሰነድ ወጣ። በሌላው ደጋፊው ጨፈረ፣ ሊጉ ዝም አለ።

ከኒውካስል ጉዳይ ሳልወጣ ሌላም ልጠይቅ። ፈንዱ ክለቡን ለመግዛት አስቀድሞ በ2020 ሞክሮ ለወራት ከተጓተተ በኋላ በጁላይ ጥያቄውን አንሥቶ ነበር። ያኔ ያደናቀፈው ምን ነበር? ጋዜጠኛው ጀማል ኻሾግጂ ኦክቶበር 2018 ኢስታንቡል በሚገኘው የሳውዲ ቆንስላ ውስጥ ከተገደለ ሁለት ዓመት አልሞላም ነበር። ሊጉን ያስጨነቀው የእሱ ደም ነበር? የጊዜውን ቅደም ተከተል ስናይ ሌላ ነገር እናገኛለን። ቢአውትኪው የተባለ ጣቢያ የኳታሩ ቢኢን በብዙ ገንዘብ የገዛውን የፕሪሚየር ሊግ ሥርጭት እየሰረቀ ያሳይ ነበር። የዓለም ንግድ ድርጅት በጁን 2020 ሳውዲ አረቢያ ይህን ስርቆት ለማስቆም የሚገባትን አላደረገችም ሲል ወሰነ። ኦክቶበር 6 ቀን 2021 ሳውዲ በቢኢን ላይ የጣለችውን እገዳ እንደምታነሣ ተሰማ። በማግሥቱ ሽያጩ ጸደቀ። እንዲያውም በፌብሩዋሪ 2021 የአሜሪካ የስለላ ተቋማት ልዑሉ ኻሾግጂን ለመያዝ ወይም ለመግደል የተደረገውን ዘመቻ አጽድቀዋል ብለው እንደሚያምኑ የሚገልጽ ሪፖርት ወጥቶ ነበር፤ ልዑሉ ትእዛዝ አልሰጠሁም ይላሉ። በሁለቱ የግዢ ሙከራዎች መካከል የሰብዓዊ መብቱ ክስ ከበደ እንጂ አልቀለለም። የቀለለው የሥርጭቱ ስርቆት ጉዳይ ነው። ታዲያ የሊጉ ሚዛን ምን ሲለካ ነበር?

ወደ ጎልፉ ልመለስ፤ እዚያ ያለው ታሪክ ይበልጥ ይመራል።

ሊቭ ጎልፍ የመጀመሪያውን ውድድር በጁን 2022 ከለንደን ወጣ ብሎ በሚገኘው ሴንቱሪየን ክለብ አካሄደ። 48 ተጫዋቾች፣ በሦስት ቀን 54 ጉድጓድ፣ በመሐል ተቀንሶ የሚወጣ ሰው የለም፤ መጨረሻ የወጣው እንኳ 120 ሺህ ዶላር ይዞ ይሄዳል። ያሸነፈው ደቡብ አፍሪካዊው ቻርል ሽዋርትዝል በግልና በቡድን 4.75 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። አሜሪካዊው ጎልፈኛ ፊል ሚኬልሰን ገና ሊቭን ከመቀላቀሉ በፊት ስለ ሳውዲ መንግሥት ጭካኔና ስለ ኻሾግጂ መገደል እንደሚያውቅ ለአንድ ጸሐፊ ተናግሮ ነበር፤ ቢሆንም ፒጂኤ ቱርን ለማስገደድ የማይገኝ አጋጣሚ ነው አለ። እያወቀ ሄደ። አንድን ሰው አውቆ ስለ መሄዱ መውቀስ ይቻላል፤ አላውቅም ብሎ ግን አላታለለንም።

የፒጂኤ ቱር ኮሚሽነር ጄይ ሞናሃን ግን ሌላ መንገድ መረጡ። ከድተው የሄዱትን አገዱ። በዚያው ሰሞን በቴሌቪዥን ቀርበው ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት ተጎጂዎች መካከል የሚያውቋቸው ቤተሰቦች እንዳሉ አነሡ፤ ከዚያም አንድ ተጫዋች የፒጂኤ ቱር አባል በመሆኑ ይቅርታ መጠየቅ ያስፈለገው ጊዜ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። ከአሥራ ዘጠኙ ጠላፊዎች አሥራ አምስቱ የሳውዲ ዜጎች እንደነበሩ ሁሉም ያውቃል፤ የሳውዲ መንግሥት ግን በጥቃቱ እጄ የለበትም ይላል። የተጎጂ ቤተሰቦች በሊቭ ውድድሮች አቅራቢያ ሐዘናቸውን ይዘው ሲወጡ ከጎናቸው የቆመ ትልቅ ተቋም ያገኙ መስሏቸው ነበር።

ዓመት አልሞላውም። ጁን 6 ቀን 2023 ሞናሃን ከአል ሩማያን ጎን ተቀምጠው በቴሌቪዥን ታዩ። ፒጂኤ ቱር ከፈንዱ ጋር አብሮ ለመሥራት ተስማምቷል፤ ክሶቹ በሙሉ ይነሣሉ ተባለ። ግብዝ የሚሉኝ እንደሚኖሩ አውቃለሁ ብለው ራሳቸው ሞናሃን ተናገሩ። አብዛኞቹ ተጫዋቾች ወሬውን የሰሙት እንደኛው ከዜና ነው። ለፒጂኤ ቱር ሲል ጓደኞቹን የተቀየመው፣ በየመግለጫው እየተጠየቀ ለተቋሙ ጋሻ የሆነው ሮሪ ማኪልሮይ በማግሥቱ ካናዳ ላይ ጋዜጠኞች ፊት ሲቀርብ ለመሥዋዕት የቀረበ በግ እንደሆነ ይሰማኛል አለ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንጠይቅ። ሞናሃን በ2022 የተናገሩት ስለ ሟቾቹ ነበር ወይስ ስለ ገበያው? ስለ ሟቾቹ ከነበረ በአንድ ዓመት ውስጥ ምን ተለወጠ? የተገደለ ተነሣ? ያጠፋ ተጠየቀ? ስለ ገበያው ከነበረስ የሐዘንተኞችን ስም ማንሣት ለምን አስፈለገ? ተቀናቃኝን ለመምታት የሰውን ሐዘን ተውሶ፣ ጦርነቱ ሲያልቅ ሐዘኑን ለባለቤቶቹ መመለስ፤ እኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ እጅግ የሚከብደኝ ይህ ነው። ገንዘቡን በግልጽ ከወሰደው ተጫዋች ይልቅ የሞራል ንግግር አድርጎ በኋላ የሸጠው አለቃ የሠራው ጉዳት ይበልጣል፤ ከእንግዲህ አንድ የስፖርት መሪ ተነሥቶ ስለ ሰው መብት ቢናገር ሰሚው ዋጋው ስንት ነው ብሎ ነዋ የሚያስበው።

በዚያ ስምምነት ውስጥ ብዙ ሰው ሳያስተውለው ያለፈ ነገር አለ። ክሱ ሲነሣ የአል ሩማያን የቃለ መሐላ ምርመራም አብሮ ቀረ። ፈንዱ መንግሥት ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ጥያቄ አንድ ዳኛ ፊት ለፊት አንሥቶ መልስ ሊያገኝለት የቀረበበት ጊዜ ነበር። የዚያ መልስ ለሳን ሆሴ ብቻ ሳይሆን ለኒውካስልም ይተርፍ ነበር። በጁላይ የአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ጉዳዩን ሲመረምር አል ሩማያን ተጋብዘው አልመጡም። ከፒጂኤ ቱር ቦርድ ውስጥ ራንዳል ስቲቨንሰን የኻሾግጂን ግድያ ጠቅሰው ስምምነቱን በቅን ልቦና ልደግፈው አልችልም በማለት ለቀቁ። አንድ ሰው። ሌሎቹስ ምን ቸገራቸው?

በፒጂኤ ቱርና በፈንዱ መካከል የተደረገው ያ የማዕቀፍ ስምምነት እስከ 2023 መጨረሻ ወደ ሙሉ ስምምነት ይለወጣል ተብሎ ነበር፤ አልተለወጠም። በዲሴምበር ጎልፈኛው ጆን ራም ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው በተባለ ውል ወደ ሊቭ ሄደ። በጃንዋሪ 2024 መጨረሻ ደግሞ በፌንዌይ ስፖርትስ ግሩፕ የሚመራ የባለሀብቶች ስብስብ ለፒጂኤ ቱር የንግድ ክንፍ 1.5 ቢሊዮን ዶላር አስገባ። ፌንዌይ የሊቨርፑል ባለቤት ነው። በጎልፉ ጠረጴዛ ላይ እንግዲህ በአንድ በኩል የኒውካስል ባለቤት፣ በሌላው በኩል የሊቨርፑል ባለቤት ተቀመጡ ማለት ነው። እሑድ እሑድ በአንፊልድና በሴንት ጀምስ ፓርክ እንደ ጠላት የምናያቸው ሁለት ክለቦች ባለቤቶች በሌላ ስፖርት ስለ ሽርክና ይነጋገሩ ነበር። ይህ ወንጀል አይደለም። ግን የዝውውር ዜና ስናነብ ይህን ማወቅ አይገባንም? የሚዘግቡልን ሰዎችስ ለምን አይነግሩንም?

እንደገና ወደ ኒውካስል ልመለስ። ማርች 12 ቀን 2022 ሳውዲ አረቢያ በአንድ ቀን 81 ሰዎችን በሞት መቅጣቷን አስታወቀች። በማግሥቱ ኒውካስል በስታምፎርድ ብሪጅ ከቼልሲ ጋር ተጫወተ። የያኔው የቼልሲ ባለቤት ሮማን አብራሞቪች ከሦስት ቀን በፊት በእንግሊዝ መንግሥት ማዕቀብ ተጥሎባቸው ነበር። ከጨዋታው በኋላ ጋዜጠኞች የኒውካስሉን አሰልጣኝ ኤዲ ሀውን ስለ ተገደሉት ጠየቁት፤ ስለ እግር ኳስ ብቻ ነው የምመልሰው አለ። ሀው በዚህ ብዙ ተወቅሷል። እኔ ግን ሌላ ጥያቄ አለኝ፦ ሰውየው የግራ መስመር ተከላካይ ለመምረጥ የተቀጠረ ነው፤ ስለ ሞት ፍርድ እንዲጠየቅ ያስቀመጠው ማን ነው? የክለቡ ሊቀመንበር በየሳምንቱ ጋዜጠኛ ፊት አይቀርቡም። ሚኒስትር ናቸው ብለው ጠበቆቻቸው ከጻፉላቸው፣ ለሚኒስትር የሚቀርበው ጥያቄ ለምን ለአሰልጣኝ ይቀርባል? የመንግሥትን ሥራ ለመከላከል ትራክሱት የለበሰ ሰው ማቅረብ ለባለቤቶቹ የሚመች አሠራር ነው፤ ጋዜጠኞቹም ሀው ላይ ሲዘምቱ ይህንኑ አሠራር አገዙት።

ለምን ሳውዲ ብቻ? የሚለኝ ይኖራል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ማንችስተር ሲቲ ከ2008 ጀምሮ በአቡ ዳቢው ሼህ መንሱር እጅ ነው። ፓሪስ ሴንት ዠርመን ከ2011 ጀምሮ የኳታር ነው። ለአብራሞቪች ከ2003 ጀምሮ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያጨበጨበላቸው ሊግ ነው አሁን ስለ ንጽሕና የሚያወራው። እንግሊዝም አሜሪካም ለሪያድ የጦር መሣሪያ ሲሸጡ ኖረው ለጎልፍ ተጫዋች ስለ ሞራል ሊያስተምሩት አይችሉም። ይህ ሁሉ ልክ ነው። ታዲያ ከዚህ የሚከተለው ጥያቄውን ለአቡ ዳቢም ለዶሃም ለለንደንም ማቅረብ ነው ወይስ ከሪያድም ማንሣት? የሌላው አለመጠየቅ የዚህኛው ነጻ መውጫ የሚሆነው በየትኛው ፍርድ ነው?

የሳውዲ ደጋፊዎችን አልከስም። አል ሂላል ትናንት በገንዘብ የተፈጠረ ክለብ አይደለም፤ በ1957 የተመሠረተ፣ ብዙ ሕዝብ የሚወደው ክለብ ነው። በ2022 የዓለም ዋንጫ ሳውዲ አርጀንቲናን 2 ለ 1 ስትረታ የተደሰትን ብዙ ነን። ሴቶች ከ2018 ጀምሮ ስታዲየም መግባታቸው እሰየው የሚያሰኝ ነው። ኒውካስልም ቢሆን በማርች 2025 ሊቨርፑልን 2 ለ 1 አሸንፎ የካራባኦ ዋንጫን ሲያነሣ፣ ከ1955 ወዲህ ትልቅ የአገር ውስጥ ዋንጫ ያላየች ከተማ አለቀሰች፤ ያ እንባ እውነተኛ ነው። ደጋፊው ባለቤቱን አልመረጠም። ከዚያው ከተማ ደጋፊዎች መካከል ግን ክለባችን የመንግሥት ስም ማጠቢያ አይሁን ብለው ተደራጅተው፣ በራሳቸው ሰዎች እየተሰደቡ የሚጠይቁ መኖራቸውን እናውቃለን? እነዚህን ሰዎች የእኛ ስፖርት ፕሮግራም አንድ ቀን አንሥቷቸው ያውቃል?

አሁን ወደ ራሳችን ቤት ልግባ።

ሂዩማን ራይትስ ዎች ኦገስት 21 ቀን 2023 አንድ ሪፖርት አወጣ። ከማርች 2022 እስከ ጁን 2023 ከየመን ወደ ሳውዲ ለመሻገር የሞከሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን አነጋግሯል፤ ቪዲዮና የሳተላይት ምስል መርምሯል። የሳውዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን በከባድ መሣሪያና በጥይት ገድለዋል፣ ከተረፉት አንዳንዶቹን የትኛውን እግራችሁን ወይም እጃችሁን እንምታ ብለው ጠይቀዋል ይላል። ሴቶችና ሕፃናት አሉበት። አስቀድሞም በኦክቶበር 2022 የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች ተመሳሳይ ክስ ለሳውዲ መንግሥት በደብዳቤ አቅርበው ነበር። የሳውዲ መንግሥት ክሱን መሠረተ ቢስ ነው ብሎ ውድቅ አድርጓል። የኢትዮጵያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከሳውዲ ጋር በጋራ እንደሚመረምር አስታወቀ።

ቀኖቹን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ሴንቱሪየን ላይ የመጀመሪያው የሊቭ ኳስ ሲመታ፣ ክርስቲያኖ ሮናልዶ በዲሴምበር 2022 ለአል ናስር ሲፈርም፣ ጁን 5 ቀን 2023 ፈንዱ የአራቱን ታላላቅ የሳውዲ ክለቦች 75 በመቶ ሲይዝ፣ በማግሥቱ ከፒጂኤ ቱር ጋር ሲታረቅ፤ ይህ ሁሉ የሆነው ሪፖርቱ በሚሸፍናቸው ወራት ነው። ኔይማር በ90 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ለአል ሂላል የፈረመው ኦገስት 15 ነው፤ ሪፖርቱ ከመውጣቱ ስድስት ቀን በፊት።

በዚያ ሳምንት በአዲስ አበባ ኤፍ ኤም ሬዲዮዎች ላይ በሰዓታት የሚቆጠር ጊዜ የተሰጠው ለየትኛው ዜና ነበር? የኔይማርን ደሞዝ፣ መኪናውን፣ መኖሪያ ቤቱን እናውቃለን። በድንበሩ ክልል በጂዛን ተራራ ስር የወደቁትን ልጆች ቁጥር፣ ስም፣ ቀበሌ የሚያውቅ የስፖርት ጋዜጠኛ ስንት አለ? ይህ የስፖርት ጉዳይ አይደለም ይባል ይሆናል። ተጫዋቹን የሚገዛው ገንዘብ የመንግሥት፣ ድንበሩን የሚጠብቀው የዚያው መንግሥት ከሆነ ለምን አይሆንም? የኻሾግጂን ስም እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ያነሣል፤ የሴፕቴምበር 11 ሟቾችን አሜሪካዊ ያነሣል። የእኛን ልጆች ስም ማን ያንሣ? በ2013 ከመቶ ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳውዲ ተባረው ቦሌ ሲገቡ ያየ፣ እህቱን ወይም ጎረቤቱን ለቤት ሠራተኝነት ወደ ሪያድና ጅዳ የሸኘ ሕዝብ ነው ጨዋታውን የሚያየው። የሚላከው ብር የስንቱን ቤት እንዳቆመ አልክድም፤ ለዚያ ብር የሚሠሩት ሰዎች ደኅንነት የሚያገባን በዚሁ ምክንያት ነው።

አሌክሳንደር ኢሳቅን እንውሰድ። ከኤርትራውያን ወላጆች ስዊድን ውስጥ የተወለደ ልጅ ነው፤ የሐበሻ ደጋፊ እንደ ራሱ ልጅ ነው የሚያየው። በ2025 ክረምት ኒውካስልን ትቶ ሊቨርፑል ለመግባት ያደረገውን ትግል ቀን በቀን ተከታትለናል፤ ሴፕቴምበር 1 ቀን በ125 ሚሊዮን ፓውንድ፣ በእንግሊዝ የዝውውር ሪከርድ ተሸጠ። ልጁ ምንም አላጠፋም፤ ችሎታውን ሸጦ ነው የኖረው። የእኔ ጥያቄ ለእኛ ነው፦ በዚያ ሁሉ የዝውውር ትንታኔ ውስጥ፣ የእሱን መልክና ስም የያዘ ሌላ ወጣት በዚያው ባለቤት ድንበር ላይ ምን እንደ ደረሰበት ለመጠየቅ አንድ ደቂቃ ጠፋ?

መናገር የሚቻል መሆኑን ያሳዩ ተጫዋቾች አሉ። በኦክቶበር 2024 ከመቶ በላይ ሴት እግር ኳስ ተጫዋቾች ፊፋ ከሳውዲው የነዳጅ ኩባንያ አራምኮ ጋር የገባውን የስፖንሰር ውል እንዲያፈርስ በግልጽ ደብዳቤ ጠየቁ። ከወንዶቹ ጋር ሲነጻጸር ደሞዛቸው ጥቂት፣ ሥራቸውም ያልተደላደለ ነው። ከጎልፉም ታይገር ዉድስ ከሊቭ የቀረበለት፣ የያኔው የሊቭ ኃላፊ ግሬግ ኖርማን እንደተናገሩት፣ ከ700 እስከ 800 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ነበር፤ አልሄደም። እግር ኳስ ተጫዋቹ ጆርዳን ሄንደርሰን በአንጻሩ በእንግሊዝ ሳለ ለተገፉ ሰዎች መብት የቆመ ተብሎ ሲመሰገን ቆይቶ በ2023 ወደ ሳውዲው አል ኢቲፋቅ ሄደ፤ በስድስት ወሩ ለቀቀ። ሰው እምቢ ማለት ይችላል፤ ማንም አልገደደውም።

ፊፋስ? የ2034ን የዓለም ዋንጫ ለማዘጋጀት ፍላጎት ያለው አገር እንዲያሳውቅ በኦክቶበር 2023 ከአንድ ወር ያነሰ ጊዜ ሰጠ። አውስትራሊያ ተወችው። አንድ ተወዳዳሪ ቀረ። ዲሴምበር 11 ቀን 2024 በኢንተርኔት በተካሄደ ጉባኤ፣ የ2030ው አዘጋጅነት ከ2034ው ጋር በአንድ ላይ ቀርቦ፣ ያለ ድምፅ ቆጠራ በጭብጨባ ጸደቀ። የፊፋ ፕሬዚዳንት ጂያኒ ኢንፋንቲኖ የፌዴሬሽኖቹ ተወካዮች ካሜራቸው ፊት እንዲያጨበጭቡ ጠየቁ። የፊፋ ግምገማ ለሳውዲ ከ5 ነጥብ 4.2 ሰጥቷል። ድምፅ የማይቆጠርበት ምርጫ ምን ዓይነት ምርጫ ነው? የማያጨበጭብ ሰውስ በምን ይታወቃል?

ሳውዲ ያኔ ያቀረበችው ዕቅድ በ5 ከተሞች 15 ስታዲየሞችን ይዟል። ከከተሞቹ አንዷ አብሃ ናት፤ የአሲር ክልል ዋና ከተማ። አሲር ከጂዛን ጋር ይዋሰናል፤ ጂዛን ደግሞ ሪፖርቱ የሚናገርለት ድንበር ያለበት ክልል ነው። እነዚያን ስታዲየሞች፣ መንገዶች፣ ሆቴሎች የሚገነባው፣ የሚያጸዳው፣ የሚያበስለው ሰው በብዛት ከውጭ የሚሄድ ሠራተኛ ነው፤ ከእነርሱም ውስጥ የእኛ ሰዎች አሉ። ሠራተኛን ከአሠሪው ጋር የሚያስረው የካፋላ አሠራር በ2021 ተሻሽሏል ሲባል የቤት ሠራተኞች ከማሻሻያው ውጭ ነበሩ።

የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን የፊፋ አባል ነው፤ ከ211ዱ ድምፆች አንዱ የእሱ ነው። በዚያ ጭብጨባ ውስጥ በስማችን ምን ተባለ? ከአሁን እስከ 2034 ባለው ጊዜ ፊፋን ሊጠይቅ የሚችለው ብዙ ነገር አለ። በስታዲየም ግንባታ ላይ የሚሞት ሠራተኛን አሟሟት የሚመረምረው ማን ነው? ካሣውን የሚከፍለው ማን ነው፣ አስከሬኑንስ ለቤተሰብ የሚያደርሰው? ፓስፖርቱ በአሠሪው እጅ የተያዘበት ሰው አቤቱታውን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ የሚያቀርብበት ቢሮ ይኖራል? በአብሃ ጨዋታ ከመደረጉ በፊት በጂዛን ድንበር የሆነው ነገር በገለልተኛ አካል ተመርምሮ ውጤቱ ይፋ ይሆናል? የጋራ ምርመራው ምን ላይ ደረሰ ብሎ የራሳችንን መንግሥት የሚጠይቅ የስፖርት ተቋምስ አለን?

የኖርዌይ ፌዴሬሽን የፊፋን አካሄድ እንደማይቀበል በጽሑፍ አስመዝግቧል። ድንበሩ ላይ የወደቀ የኖርዌይ ልጅ የለም። የእኛ ፌዴሬሽን ደብዳቤስ የታለ?